በትናንሽ ውሾች ላይ የሚደርስ ቀላል የንክሻ ቁስል፦ ባለቤቱ ሊያደርግ የሚገባው

በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች፣ በተለይም በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት ሰፈሮች ትናንሽ ዝርያ ያላቸውን ውሾች በግቢ ወይም በኮንዶሚኒየም ቤት ማሳደግ የተለመደ ነው። እነዚህ ውሾች የግቢ በር ሲከፈት ሾልከው ሲወጡ ወይም ከባለቤታቸው ጋር ሲንሸራሸሩ ባለቤት ከሌላቸው የመንገድ ውሾች ጋር መጋጨታቸው አይቀርም። ጠቡ በቅጽበት ያልፋል፤ የሚቀረውም ጠጉር የሸፈነው አንድ ሁለት ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ቁስሉ ቀላል ቢመስልም በከተማችን ሁኔታ ሁለት ጥያቄዎች አብረውት ይነሣሉ፦ የመጀመሪያው ውሻው እንዴት ይድናል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ክብደት ያለው ግን የነከሰው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ነበረበትን? የሚለው ነው።

የባለቤቱ ጥንቃቄ

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) የሚተላለፈው በምራቅ ነው። በተነከሰው ውሻ ጠጉር ላይ የነካሹ ምራቅ ገና እርጥብ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ባለቤቱ ቁስሉን ከመንካቱ በፊት ጓንት ማድረግ ይኖርበታል። ጓንት ካልተገኘ ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት እጅ ላይ ማጥለቅ ይቻላል። እጁ ላይ የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ያለበት ሰው ሥራውን ለሌላ ቢተው ይመረጣል። የሚወደድ ውሻም ቢሆን ሲያመው ይናከሳልና አፉን በለስላሳ ፋሻ ማሰር ተገቢ ነው፤ ሆኖም አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ውሻ አፉ መታሰር የለበትም።

በግርግሩ መካከል ሰው ከተነከሰ፣ ከተቧጨረ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳውን ወይም ዓይኑን ከነካው ቅድሚያ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። የቆሰለውን ቆዳ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ዓይንን ደግሞ በብዙ ንጹሕ ውኃ ብቻ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ሰውን ከሞት የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ይከላከለዋል። ሕዝቡ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው፣ ጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለረጅም ዘመን በዚህ አገልግሎት ይታወቃል። በሽታው ለአዲስ አበባ አዲስ አይደለም፤ በ1895 ዓ.ም. ክረምት በከተማዋ ወረርሽኝ ሆኖ እንደነበር ተመዝግቧል።

ቁስሉን ማጽዳት

የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መጫን፤ በየመካከሉ እያነሡ ማየት ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ደሙ ሲቆም በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር በጥንቃቄ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ ሌላ ያልታየ ቀዳዳ የሚገኘውም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም ፈልቶ ለብ ባለ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በግማሽ ሊትር ውኃ አንድ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ጨው ቢጨመር የተሻለ ይሆናል። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ውኃውን መርጨት ቆሻሻውን ከጥልቀቱ ያወጣዋል። ፖቪዶን አዮዲን ካለ የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ በውኃ አቅጥኖ መጠቀም ይቻላል።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጤናማውንም ሥጋ ስለሚጎዱ አይመከሩም። ሎሚ፣ አመድ፣ የቡና ዱቄትና ነጭ ሽንኩርትም ቁስሉን ከማቆሸሽ ያለፈ ጥቅም የላቸውም። ለሰው የሚታዘዙት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለውሻ መርዝ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በተለይ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ለሆነ ውሻ በግምት መስጠት አደገኛ ነው። የንክሻ ቀዳዳ በቤት ውስጥ ሊሰፋ ወይም በፕላስተር ጥብቅ ተደርጎ ሊዘጋ አይገባም፤ ክራንቻው ያስገባው ጀርም ውስጥ ታፍኖ መግል ይቋጥራልና። ውሻው ቁስሉን እንዳይልስም የአንገት መከለያ ማድረግ ይጠቅማል።

ወደ እንስሳት ሐኪም የሚያደርሱ ምልክቶች

ትልቅ ውሻ ትንሹን አንሥቶ ካራገፈው የላዩ ቆዳ ደኅና መስሎ ሥጋውና የውስጥ አካሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ደረቱ፣ ሆዱ፣ አንገቱ ወይም የዓይኑ አካባቢ የተነከሰ፣ ትንፋሹ የፈጠነ፣ ድዱ የነጣ ወይም ደሙ አልቆም ያለ ውሻ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። ለሌሎቹ ቁስሉን በየቀኑ ማየት ይገባል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እብጠት፣ ሙቀት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከመጣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያዝዘው ሐኪሙ ነው። ከምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታልም አንድ አማራጭ ነው።

ቁስሉ እየደረቀ ቢሆንም የክትባት ካርዱን ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አይቀርም። ክትባቱ ያላለፈበት ውሻ ወዲያውኑ የማጠናከሪያ ክትባት ተሰጥቶት ለ45 ቀናት ያህል በባለቤቱ ክትትል ሥር ይቆያል። ያልተከተበና በተረጋገጠ ታማሚ ውሻ የተነከሰ ከሆነ ግን ምርጫው ጠባብ ነው፦ ለወራት ከሰውና ከእንስሳ ተለይቶ መቆየት፣ አለዚያም ሐኪሙ ያለ ሥቃይ ሕይወቱ እንዲያልፍ መምከሩ ነው። ለብዙ ቤተሰብ፣ በተለይ ለልጆች፣ ይህ እጅግ መራራ ነው፤ የሚለየውም አስቀድሞ የተወሰደ አንድ መርፌ ነው።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ታስሮ ለ10 ቀናት ይታያል፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻውን ቀጥቅጦ መግደል ይህን ማስረጃ ያጠፋል፤ የሞተም ከሆነ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ መፈርከስ የለበትም። ባለቤቱ ካልታወቀ መልኩን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ለወረዳው ማስታወቅ ይገባል። የሕክምና ወጪን በተመለከተ በጎረቤታሞች መካከል ክርክር ቢነሣ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል።