የሰፊ ክፈፍ ጂኦሜትሪ፦ የኤክስፓን ፓኖራማ ፊልም ካሜራ አሠራርና ከምስሎቹ ላይ የሚደረግ ልኬት

ረጅምና ጠባብ የሆነ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ በመዛግብት ውስጥ ሲገኝ፣ ተመራማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው መቼና የት እንደተነሣ ነው። በምን ዓይነት ካሜራ እንደተነሣ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው። ከምስሉ ላይ ማዕዘን ወይም ርቀት ለመለካት ከታሰበ ግን ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ አያንስም።

«ፓኖራማ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት የፊልም ካሜራዎች አሠራራቸው አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ የተለመደውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ክፈፍ ከላይና ከታች ሸፍነው 13 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍል ያስቀራሉ፤ ይህ በእርግጥ የተቆረጠ ፎቶግራፍ እንጂ ፓኖራማ አይባልም። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ዋይድሉክስ፣ ሌንሳቸው እየዞረ በቅስት በተዘረጋ ፊልም ላይ ምስሉን በቀጭን ስንጥቅ ይጠርጋሉ። በሦስተኛው ዓይነት ሌንሱም ፊልሙም ሳይንቀሳቀሱ ሰፊው ክፈፍ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል። ለዚህ ታዋቂው ምሳሌ የስዊድኑ ሃሰልብላድና የጃፓኑ ፉጂፊልም በትብብር ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ኤክስፓን ነው።

ኤክስፓን በተራ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ 24 በ65 ሚሊ ሜትር ክፈፍ ይቀርጻል፤ የቆዳ ስፋቱ ከላይ ከተጠቀሰው የተሸፈነ ክፈፍ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ፊልሙ ሳያልቅ ወደ 24 በ36 መለወጥም ይቻላል። ባለ 36 ፊልም 21 የፓኖራማ ምስሎች ይሰጣል። ፊልሙ እንደገባ ሞተሩ በሙሉ ከቆርቆሮው አውጥቶ ይጠቀልለዋል፤ ከዚያም ምስል በተነሣ ቁጥር ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል። ስለሆነም የካሜራው ጀርባ በስሕተት ቢከፈት በብርሃን የሚበላሸው በአብዛኛው ገና ያልተነሣበት ክፍል ነው። በመስክ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለካሜራው የተሠሩት ሌንሶች የትኩረት ርቀታቸው 30፣ 45 እና 90 ሚሊ ሜትር ነው። በ30ው ሌንስ የክፈፉ ጫፍ ከመሃል 47 ዲግሪ ገደማ ይርቃል። ብርሃን ከማዕዘኑ ኮሳይን አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚቀንስ፣ በንድፈ ሐሳብ ጫፉ የሚያገኘው ብርሃን የመሃሉን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከሌንሱ ጋር መሃሉን የሚያጠቁር ማጣሪያ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የልኬቱ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በዟሪ ሌንስ ካሜራ አንድ ነጥብ ከምስሉ መሃል ያለው ርቀት ከማዕዘኑ ጋር እኩል በእኩል ያድጋል፤ በኤክስፓን ጠፍጣፋ ፊልም ላይ ግን ከማዕዘኑ ታንጀንት ጋር ነው። በ45ቱ ሌንስ የክፈፉ ጫፍ ትክክለኛ ማዕዘን 35.8 ዲግሪ ነው። ምስሉ የዟሪ ሌንስ ነው ተብሎ ቢሰላ 41.4 ዲግሪ ይወጣል። በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ላለ ዛፍ ወይም የገደል ጠርዝ ይህ ልዩነት ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ የቦታ ስሕተት ነው፤ የደን ሽፋንን በአሮጌ ፎቶግራፎች ለሚያነጻጽር ጥናት መደምደሚያውን ሊያዛባ ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ ምልክት ረጅም የቤት ጣሪያ ወይም ግንብ ነው። በዟሪ ሌንስ ምስል ላይ ከአድማሱ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ አግድም መስመር ይጎብጣል፤ በኤክስፓን ምስል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ በአንጻሩ ጫፍ ላይ የቆሙ ሰዎች ወደ ጎን ይሰፋሉ። ካሜራው ሳያዘነብል ከተያዘ አድማሱ ራሱ በሁለቱም ቀጥ ስለሚል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከታተመው ወረቀት ይልቅ ኔጋቲቩን መለካት ይሻላል፦ የኤክስፓን ክፈፍ 65 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የዋይድሉክስ ግን 59 ገደማ ነው።