ተናግሮ የሚያሳምን ተማሪ መጻፍ ለምን ይከብደዋል?

የቋንቋ መምህር ነኝ። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ባለችው የኦሮሚያዋ ቦርደዴ በሚገኙ ተማሪዎች ዘንድ የሚታይ ችግር ላስረዳ፦ ሲያወሩ ጎበዝ፣ ሲጽፉ ሁለት መስመር።

የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይማራል። አማርኛን በግዕዝ ፊደል ያጠናል። 9ኛ ክፍል ሲገባ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደግሞ በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ስለሆነ አንድ አንቀጽ እንኳ አያስጽፍም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ መጻፍን ከሰሌዳ መገልበጥ አድርጎ ያየዋል፤ መናገርን ደግሞ ከነጭራሹ ከትምህርት አይቆጥረውም።

ንግግር ግን በዚህ አካባቢ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የጎረቤቶቻችንን የአፋሮችን ዳጉ ተመልከቱ። መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ምን አየህ? የት? ከማን ሰማህ? ወሬው በጥያቄ ይጣራል።

ወረቀት ላይ የሚጠፋው ይህ ጠያቂ ነው። መጻፍ ማለት አንባቢው ሊጠይቅ የሚችለውን ቀድሞ መመለስ ነው።

ነገ ክፍል ውስጥ ይህን ሞክሩ፦
1. ተማሪው ስለ ገበያ ውሎው በሚቀናው ቋንቋ ለጓደኛው ይንገር።
2. ጓደኛው «ለምን? መቼ? ከዚያስ?» እያለ ይጠይቀው።
3. መልሶቹን አያይዞ ይጻፍ።

«ፍየል ተወደደ» ብሎ የጀመረው ልጅ «በዓል ስለደረሰ ፍየል ተወደደ፤ አባቴም ሳይገዛ ተመለሰ» ብሎ ይጽፋል። ምክንያትና ውጤት ገባ ማለት ነው።

መምህራን፣ ስናርም ከፊደል ግድፈት በፊት ሐሳቡን እንይ። ወላጆችም ልጃችሁ ሲያወራ አታቋርጡት፤ ጠይቁት።