ጭቃ ውስጥ ያለው ጭድ ሥራው ምንድን ነው?

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ልስኑ የረገፈ የቆየ የጭቃ ቤት ካያችሁ እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአፈሩ መሀል ቀጫጭን ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። የጤፍ ጭድ ነው። ብዙዎቻችን ጭቃውን ለማብዛት የሚጨመር ይመስለናል። አይደለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ቶሎ ይለያያል። ጭቃ ደግሞ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱን በራሱ ይጎትታል። ጭድ ከሌለው ሰፋፊ ስንጥቅ ያወጣል፤ ጭድ ካለው ግራና ቀኙን ስለሚይዘው ስንጥቁ ፀጉር አክሎ ይቀራል። ፌሮ ለአርማታ የሚሠራውን ጭድ ለጭቃ ይሠራል በሉት። ጭቃ የሚያቦኩ ሰዎች ደጋግመው በእግር የሚረግጡትም ጭዱ በየቦታው እንዲዳረስ ነው። አንድ ቦታ የተከመረ ጭድ ምንም አይዝም።

አሸዋማ አፈር ላይስ? አሸዋ ሲደርቅ አይኮማተርም፤ የሱ ችግር እርስ በርሱ አለመያያዙ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ቪዳል የባሕር ዳር አሸዋ ከጥድ ቅጠል ጋር ሲደባለቅ ክምሩ ቶሎ እንደማይናድ አስተዋለ ይባላል። ቅጠሉን በብረት ጥፍጥፍ ተክቶ በ1963 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ዛሬ በዚህ ዘዴ የመንገድና የድልድይ ግንቦች ይሠራሉ። (ከሰፈራችን ስም ጋር ግን አይገናኝም፤ ስሙ የመጣው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ማለትም ከዛሬው ኤምባሲ ነው።)

ብረት ውድ ነው፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ቃጫና ወደ ኮኮናት ልጣጭ ክር ተመለሱ። አጫጭር ተደርጎ የተቆረጠ ቃጫ ከአሸዋው ጋር ሲደባለቅ፣ የላዩ ክብደት አሸዋውን ቃጫው ላይ ይጫነዋል፤ በሰበቃ ይያዛሉ። የሚገባው ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቁ አፈር ክብደት 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች። ሲበዛ ይቋጠርና የአፈሩን ቦታ ይወስዳል።

ትልቁ ጠላት ውሃ ነው። ቃጫም ጭድም ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከእንጦጦ ሥር ባሉ ተዳፋት ሰፈሮች የተቆረጠ መሬትን በቃጫ ብቻ እናቆማለን ማለት የማያዋጣው። ላይ ላዩን ሣር እስኪይዝ ሊያግዝ ይችላል፤ የድጋፍ ግንብን ግን አይተካም።

የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ ክረምት ሳይገባ የግድግዳውን ታችኛ ክፍል እዩት፤ ከጣሪያ የወረደ ውሃ የሚፈናጠረው እዚያ ነው። ጭዱ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ መያዙን ትቷል። ከላዩ ሲሚንቶ መለሰን ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። የበሰበሰውን ፍቆ አውጥቶ፣ በአዲስ ጭድ በቦካ ጭቃ መምረግ፣ ውሃውንም በአሸንዳ ከግድግዳው ማራቅ ነው የሚሻለው።