የሌሊቱ ሰማይ በካሜራ፤ ለጀማሪ የሚበጅ ምክር

በአገራችን ሰማይን መመልከት የሥራ ፈት ልማድ ሆኖ አያውቅም። ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ፣ ስለ ብርሃናት አካሄድ በሚናገርበት ክፍሉ፣ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች በተራ ይዘረዝራል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም አበቅቴና መጥቅዕ እያወጡ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን ሲወስኑ፣ የጨረቃን ዕድሜ ሳያሰሉ ያለፉበት ዓመት የለም። ዛሬ ደግሞ ካሜራ የያዙ ወጣቶች በየተራራው እየወጡ ከዋክብትን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ሲደክሙ ማየት እየተለመደ መጥቷል።

ይሁን እንጂ ይህን ጥበብ ለመማር የሚነሣ ሰው የሚያገኘው ትምህርት፣ አብዛኛው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰማይ ሥር ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ እንዳለ ተቀብሎ በእንጦጦ ወይም በመንዝ ጓሳ ላይ ሊሠራበት ቢሞክር፣ ደንቡን ሁሉ ጠብቆ ሳለ ፎቶግራፉ ይበላሽበታል። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ የምትገኝ አገር ናትና፣ የከዋክብቱ አወጣጥና አገባብ፣ የጨለማው አወራረድ፣ ሰማይ የሚጠራበትና በደመና የሚሸፈንበት ወራትም ከእነርሱ ይለያል። ስለዚህ የዕቃውን ነገር ከማንም መማር ይቻላል፤ የሰማዩን ነገር ግን ጀማሪው ከገዛ አገሩ ሰማይ መማር ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ካሜራ ዓይን የማያየውን እንዴት ሊያይ እንደሚችል መረዳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1840 ጆን ዊሊያም ድሬፐር የተባለ የኒውዮርክ ሊቅ የጨረቃን መልክ በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ለማስቀረት ቻለ፤ በ1850 ዊሊያም ቦንድና ጆን ዊፕል በሃርቫርድ ቬጋ የተባለውን ኮከብ አነሡ፤ በ1880 ደግሞ የድሬፐር ልጅ ሄንሪ ካሜራውን 51 ደቂቃ ክፍት አድርጎ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን የሚያበራ ደመና፣ ማለት ኔቡላውን፣ ቀረጸ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን ያንኑ ኔቡላ ሲያነሣ፣ ሰው በቴሌስኮፕ እንኳ አይቶአቸው የማያውቃቸው ከዋክብት በሰሌዳው ላይ ተገኙ። ምክንያቱ ዓይናችን የተቀበለውን ብርሃን ወዲያው አሳልፎ ሌላ የሚቀበል ሲሆን፣ ሰሌዳው፣ በዘመናችንም ሴንሰሩ፣ የተቀበለውን ሁሉ እያከማቸ መቆየቱ ነው።

ይህን የማከማቸት ሥራ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱንም በዝናም ጊዜ ከደጅ በተቀመጠ ገንቦ መመሰል ይቻላል። የገንቦው አፍ ስፋት የሌንሱ አፐርቸር ነው፤ ገንቦው በዝናሙ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ሻተሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ አይኤስኦ የሚባለው ግን የገባውን አጉልቶ ማሳያ ነው እንጂ ጠብታ እንኳ አይጨምርም፤ ሲያጎላም ከብርሃኑ ጋር እንከኑን አብሮ ስለሚያጎላ ፎቶግራፉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስለዚህ ጀማሪው አፐርቸሩን ሌንሱ እስከ ፈቀደለት ድረስ፣ ይኸውም ኤፍ 2.8፣ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ተራ ሌንስ ከሆነም ኤፍ 3.5 ድረስ ከፍቶ፣ አይኤስኦውን ከ1600 እስከ 3200 ባለው ውስጥ ቢያደርግ፣ የቀረው ጥያቄ የጊዜው ርዝመት ብቻ ይሆናል።

በዚህ በጊዜው ርዝመት ላይ ነው የውጭው ደንብና የእኛ ሰማይ የሚጋጩት። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ሻተሩ ብዙ ከቆየ ነጥብ መሆን የሚገባው ኮከብ ተስቦ ሰረዝ ይሆናል፤ ይህን ለመከላከል መምህራኑ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት አካፍሎ በውጤቱ ልክ መክፈት ይበቃል ይላሉ። በዚህ ስሌት ባለ 24 ሚሊሜትር ሌንስ በትልቅ ሴንሰር ላይ 20 ሴኮንድ ያህል ይፈቀድለታል፤ ሴንሰሩ አነስተኛ ከሆነ የትኩረት ርዝመቱን አስቀድሞ በ1.5 ማብዛት ያስፈልጋልና፣ ባለ 18 ሚሊሜትሩ ሌንስ እንደ 27 ተቆጥሮ 18 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰዋል። ነገር ግን ከዋክብት ሁሉ እኩል አይራመዱም፤ ለሰማይ ዋልታ የቀረቡት ዝግ ብለው ሲዞሩ፣ በሰማይ ወገብ ላይ ያሉት ግን ይፈጥናሉ፤ ያ የሰማይ ወገብ ደግሞ በእኛ አገር ከአናት ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ በታኅሣሥ ሌሊት በአናታችን አቅራቢያ የሚያልፈውን የኦሪዮንን መቀነት የሚያነሣ ሰው፣ በ500 ፈንታ 300ን ቢያካፍልና 11 ወይም 12 ሴኮንድ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ በግንቦት ወር በደቡብ አድማስ የሚታየውን የደቡብ መስቀል የሚያነሣ ግን፣ እነዚያ ከዋክብት የኦሪዮንን መቀነት ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚጓዙ፣ በዚያው ሌንስ እጥፉን ቢቆይ ጉዳት የለበትም።

ዕቃውን በሚመለከት ብዙ መናገር አያሻም። ጊዜውንና ፎከሱን በእጅ ለማዘዝ የሚፈቅድ ካሜራ፣ ነፋስ የማይነቀንቀው ትራይፖድ፣ ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪና መለዋወጫው፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ መብራት ካለ ይበቃል፤ የሻተሩን ቁልፍ በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ ሪሞት የሌለው የ2 ሴኮንድ ማዘግያውን ይጠቀም፤ ፋይሉንም ራው (RAW) በተባለው፣ የሴንሰሩን መረጃ እንዳለ በሚይዘው ዓይነት ያስቀምጥ። ካሜራ የሌለው ቢሆን እንኳ፣ የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ የሌሊት ማንሻ ስላላቸው፣ ስልኩን በማይነቃነቅ ነገር ላይ አጽንቶ ሊጀምር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ጀማሪውን የሚያደክመው ፎከሱን ማስተካከል ነው። ካሜራው በጨለማ ውስጥ የሚይዘው አጥቶ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ ሲያንከራትተው ያድራልና፣ ራስ ሠሩን ፎከስ ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ በሌንሱ ላይ ያለው የሩቅ ርቀት ምልክትም ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ በሰማይ ላይ ካሉት ሁሉ ደማቁን፣ በበጋ ሌሊት ሲሪየስ ይሆናል፣ በካሜራው መስታወት መካከል አግብቶ ምስሉን ዐሥር እጥፍ ካጎሉ በኋላ፣ ቀለበቱን በሁለት ጣት ዝግ አድርጎ ማዞር ይገባል። ኮከቡ በመጀመሪያ ሰፊና ደብዛዛ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱ ሲዞር እየጠበበ፣ እየጠራ፣ በመጨረሻም የመርፌ ጫፍ የመሰለ ነጥብ ይሆናል፤ አንድ ጊዜም አስቀድመው ያልታዩ ደካማ ከዋክብት በዙሪያው ብቅ ይላሉ፤ ቀለበቱ ከዚያ ጥቂት ቢያልፍ ነጥቡ ተመልሶ ይሰፋል። እንግዲህ ትክክለኛው ስፍራ ደካሞቹ ከዋክብት የታዩበት ነውና፣ ወደዚያው መልሶ ቀለበቱን በፕላስተር ማሰር፣ የሌሊቱ ብርድ ሲጠነክርም ዳግመኛ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ወራቱ ደግሞ እንመልከት። የከዋክብት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሁሉ የሚመኙት ፍኖተ ሐሊብ፣ ይልቁንም ደማቁ መካከሉ፣ በማታ ከፍ ብሎ የሚታየው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የውጭ መጻሕፍትም እነዚህን ወራት ያወድሳሉ፤ በእኛ ደጋ ግን ያ ጊዜ ክረምት ስለ ሆነ ሰማይ ተዘግቶ ይከርማል። ስለዚህ ለእኛ የሚስማሙት ሁለት ጊዜያት ናቸው። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሲሆን፣ ደማቁ መካከል በመጋቢት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በግንቦት አጋማሽ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወጥቶ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ከፍታውን ያገኛል። ሁለተኛው ዝናሙ አቧራውን አጥቦ የሄደበት የጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ በዚህ ጊዜ የፍኖተ ሐሊብ መካከል በደቡብ ምዕራብ በኩል በደንብ የሚታየው ከጨለመ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብቻ በመሆኑ፣ የዘገየ አያገኘውም። ደግነቱ ፀሐይ በእኛ አገር ቁልቁል ስለምትጠልቅ፣ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቆይቶ ፍጹም ጨለማ ይሆናል፤ በሰሜን አውሮፓ ግን በሰኔ ጨርሶ የማይጨልምበት አገር አለ።

ከወራቱ በኋላ የጨረቃ ዕድሜ ይታሰባል። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ስለምታነጣው፣ ለፍኖተ ሐሊብ የሚመረጡት በሠርቀ ወርኅ ዙሪያ ያሉት ጥቂት ሌሊቶች ናቸው፤ እነዚህንም ከባሕረ ሐሳብ ወይም ስቴላሪየም ከተባለው፣ የሰማይን ገጽ ለየሰዓቱ ከሚያሳየው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማወቅ ይቻላል።

ቦታ ሲመረጥ ከተማው በየትኛው ወገን እንደሚቀር አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። ለምሳሌ እንጦጦ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ከፍተኛ ተራራ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ከሥሩ በስተደቡብ ተዘርግታለችና፣ ፍኖተ ሐሊብን ፍለጋ ወደ ደቡብ የሚያቀና ሰው የከተማይቱን ብርሃን አብሮ ያነሣል። ስለዚህ መብራቱ ከጀርባ፣ ማለት በስተሰሜን የሚቀርበትን ገጠር መፈለግ ይበልጣል። እንደ ጓሳና እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ስፍራዎች ጨለማው ጽኑ፣ አየሩም ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ብርዱ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል፤ በሌንሱ ፊት ላይም ጤዛ ይቋጥራል። ተጨማሪ ባትሪን በኪስ ውስጥ በሰውነት ሙቀት መያዝ፣ ሌንሱንም በየጊዜው መመልከት ይበጃል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ አንድ ጊዜ የበራ ነጭ መብራት ያን ሁሉ ትዕግሥት ያፈርሳል፤ ቀይ መብራት የተመረጠው ስለዚህ ነው።

ወደ ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከከዋክብት ጋር ማንሣት የሚመኝ ብዙ ነው። ስፍራው የጸሎት ስፍራ መሆኑን አስቦ አስቀድሞ ከካህናቱና ከአስተዳደሩ ፈቃድ መጠየቅ፣ ፍላሽና መብራትን መተው፣ በበዓላት ሌሊትም የምእመናንን ጸሎት አለማወክ ግዴታ ነው። በየትኛውም ገጠር የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቆ መሄድ፣ ለቀበሌው ሰው ማስታወቅ፣ ብቻን አለማደርም ከጥንቃቄ የሚቈጠር ነው።

ሥራውን እየለመደ የመጣ ሰው የከዋክብትን ዙረት በመስመር ለማሳየት ይመኛል፤ ለዚህም ካሜራውን ሳይነቀንቅ ባለ 30 ሴኮንድ ፎቶግራፎችን ለአንድ ሰዓት ያህል በተከታታይ አንሥቶ በኮምፒውተር ያጣምራቸዋል። በአውሮፓ እንዲህ የተነሡ ፎቶግራፎች በሰማይ መካከል፣ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ክብ ሠርተው የተደረደሩ መስመሮችን ያሳያሉ፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከአገሩ ኬክሮስ ጋር እኩል ነውና፣ በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ በላሊበላ 12 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል፣ በእኛ አገር ክቡ በአድማስ ተቈርጦ ቅስት ይሆናል። ይህን ቅስት ለማንሣት ከሰሜን ተራሮች ገደል አፍ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ገደሉ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው አዙሮ የቆመ ስለ ሆነ ኮከቡን የሚከልለው የለም። ካሜራው ወደ ምሥራቅ ቢዞር ደግሞ ከዋክብቱ ከአድማስ ቀጥ ብለው ሲወጡ፣ እንደ አውሮፓው አግድም ሳያዘነብሉ፣ ይታያሉ። ይህ መልክ ለምድር ወገብ ቅርብ የሆኑ አገሮች ድርሻ ነው።

በመጨረሻ ስለ ኮምፒውተሩ ሥራ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። አንድ ፎቶግራፍ ብቻውን ሲታይ እንከኑ ብዙ ነው፤ አሥራ ስድስት ያህል አንሥቶ እንደ ሲክዌተር ባለ ነጻ ፕሮግራም ቢደራርቧቸው ግን፣ እንከኑ በቁጥራቸው ካሬ ሥር ልክ ስለሚቀንስ፣ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ይህ የተሰበሰበውን ብርሃን ማጥራት ነው። ያልነበረን ፍኖተ ሐሊብ ከሌላ ሌሊት አምጥቶ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ መለጠፍ ግን ከሥዕል ሠሪ ሥራ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው ለተመልካቹ ሊያስታውቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ለመማር ያሰበ አንባቢ፣ ውድ ሌንስ ለመግዛት ከመቸኰሉ በፊት፣ አንድ ወር ሙሉ ያለ ካሜራ ሰማዩን ይመልከት፤ የሰሜን ኮከብ ከሰፈሩ የት ላይ እንደሚቆም፣ ኦሪዮን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ የከተማው መብራት የትኛውን አድማስ እንደሚሸፍንበት በማስታወሻ ይጻፍ። ይህን ያወቀ ሰው በተራ ካሜራ የሚያነሣው፣ ይህን የማያውቅ በውድ ካሜራ ከሚያነሣው ይበልጣል።