መንታ አስኳል ያለው እንቁላል ለምን አይፈለፈልም?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። በእግሩ የማይሄድ እንቁላልም አለ።

ብዙዎቻችን እንቁላላችንን ይዘን ወደ ድሬዳዋ እንወርዳለን። በደቻቱ አልፈን ከፊራ ገበያ እንሸጣለን። በዚያ ገንዘብ ጨው እንገዛለን። ለልጆች ደብተር እንገዛለን። አንድ እንቁላል በከንቱ ሲበላሽ ታዲያ ያንገበግበናል።

አንዳንዴ ዶሮአችን በጣም ትልቅ እንቁላል ትጥላለች። «ይኸማ መንታ ነው! ሁለት ጫጩት ይወጣዋል» እንላለን። ደስ ብሎን እናስታቅፋታለን። 21 ቀን ይሞላል። ሌሎቹ ይፈለፈላሉ። ትልቁ ግን ዝም ይላል። ስንሰብረው ጫጩቶቹ ሞተዋል። «ዓይን በላው» እንላለን። ዓይን አይደለም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዶሮ ብዙውን ጊዜ አንድ አስኳል ብቻ ታወርዳለች። አልፎ አልፎ ሁለት አስኳል አብሮ ይወርዳል። ሁለቱም በአንድ ቅርፊት ይሸፈናሉ። ይህ መጣል በጀመረች ቄብ ላይ ይበዛል። በሽታ አይደለም።

አውራ ዶሮ ካለ በሁለቱም አስኳል ላይ ጽንስ ሊጀምር ይችላል። ቤቱ ግን አንድ ነው። ቦታው ይጠባል። አየሩም አይበቃም። ጫጩት ሊወጣ ሲል ራሱን ወደ እንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ያዞራል። እዚያ ትንሽ አየር አለ። መጀመሪያ የሚተነፍሰው ያንን አየር ነው። ከዚያ ቅርፊቱን በአፉ ይሰብራል። ሁለት ሲሆኑ ይጋፋሉ። መዞር ያቅታቸዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሳይወጡ ይሞታሉ። ሁለቱም በሕይወት የሚወጡት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የሞተው እንቁላል ይገማል። ቢፈነዳ ሌሎቹን ያበላሻል። የደህናውንም እንቁላል ቦታ ይይዛል።

ምን እናድርግ?

ከማስታቀፋችን በፊት እንቁላሉን በጨለማ ቤት በባትሪ መብራት እንየው። የሁለት አስኳል ጥላ ከታየን እንለየው። ትኩስ ሳለ እንብላው ወይም እንሽጠው። ሲበሉት ምንም አይጎዳም።

ለማስታቀፍ መካከለኛውን፣ ያልተሰነጠቀውንና ከሳምንት ያልበለጠውን እንምረጥ። እስክናስታቅፍ ድረስ ቀዝቃዛ ቦታ እናኑረው። የድሬዳዋ ሙቀት ብርቱ ነው። እንቁላል በሙቀት ከዋለ ጽንሱ ያለ ጊዜው ይጀምርና ይሞታል።

ትልቁን ለድስት፣ መካከለኛውን ለታቃፊዋ እናድርግ። ይህን ለማያነብ ጎረቤታችንም እናንብብለት።