ባስ ጊታር ስለ ምን አውታር ጨመረ?

ሙዚቃ በምታደምጡበት ጊዜ ጆሮአችሁ ዘፋኙንና ሳክስፎኑን ተከትሎ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ከሥር ሆኖ ሁሉን የሚሸከመውን ወፍራም ድምፅ ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያ ድምፅ በድንገት ቢቋረጥ፣ ምን እንደ ጐደለ ለይቶ ለመናገር ባይችልም አንድ ነገር መጉደሉን የማያውቅ አድማጭ የለም። በዘመናዊው ባንድ ይህን ሥራ የሚሠራው ባስ ጊታር ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በ1951 (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ለገበያ ያቀረበው ባስ ጊታር አራት አውታር የነበረው ሲሆን፣ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብሎ ይቃኛል። የዛሬው ንግግራችን በእነዚህ ላይ አምስተኛና ስድስተኛ አውታር ስለ ተጨመረበት መሣሪያ ነው።

ነገሩን ሩቅ አገር ሳንሄድ ጎበሳ ላይ ሆነን እንመልከተው። ከአሰላ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በአርሲ ደጋ ባለችው በዚህች ከተማ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከደመወዛቸው አዋጥተው ለወጣቶች ባንድ መሣሪያ ለመግዛት ተነሡ እንበል። አንዱ ወገን «ባለ አራቱ ይበቃል» ሲል፣ ሌላው ወገን «ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ባለ ስድስቱ ይሁን» ይላል። የብዙ ወር ቁጠባ ነውና ክርክሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም።

ለሁለተኛው ወገን የሚናገር ጠንካራ ምክንያት አለ። ዘፋኝ ዜማውን የሚያነሣው ለድምፁ በሚመቸው ቦታ ነው። ለአንዱ ሬ፣ ለሌላው ዶ ይመቸዋል። የትዝታም ሆነ የባቲ ዜማ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳልና፣ ባሱም በዚያ ቦታ ከሥር ሊያርፍ ይገባዋል። ባለ አራቱ ባስ ግን ከሚ በታች መውረድ ስለማይችል፣ መነሻው ሬ ወይም ዶ በሆነ ዘፈን እጅግ ዝቅ ማለት በሚገባው ቦታ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። አምስተኛው አውታር ሲ ተብሎ ከሚ በታች ስለሚቃኝ ይህን ችግር ያስወግዳል። በተጨማሪም ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር አውታሩን እንደ ገና መቃኘት ሲኖርበት፣ የባስ ተጫዋች ጣቱን ብቻ ይለውጣል፤ አውታሩ በበዛለት መጠን እጁን ከአንድ ስፍራ ብዙ ሳያርቅ ቅኝቱን ለማዳረስ ይችላል።

ስድስተኛው አውታር ከሶል በላይ ሆኖ ዶ ተብሎ ይቃኛል። አሜሪካዊው የባስ ሊቅ አንቶኒ ጃክሰን ይህን የመሰለ መሣሪያ በ1975 በካርል ቶምሰን እጅ አሠራ። ይህ አውታር ለብቻ ዜማ መምታትና ድምፆችን አስተባብሮ ማሰማት ለሚሻ ሰው ይረዳል፤ ዘፋኝን ለማጀብ ግን እምብዛም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። የሚ አውታር በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ሲ ግን 31 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 በታች የሆነውን ርግብግብታ እንደ ድምፅ አይቀበለውምና፣ ሲ ከመስሚያችን ድንበር አጠገብ ደርሷል ማለት ነው። አነስተኛ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያማ 31ን ጨርሶ ሊያወጣው አይችልም። ታዲያ እንዴት እንሰማዋለን? አውታሩ በሙሉ ቁመቱ ሲርገበገብ በግማሹና በሢሶውም ስለሚርገበገብ፣ 62ና 93፣ 124ም አብረው ይወጣሉ። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 31 ነውና፣ አእምሮአችን ያልመጣውን ድምፅ ከመጡት አስልቶ ይሰማዋል። እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው!

የበገና ሠሪዎቻችን ይህን ስሌት ሳይጽፉት በእጃቸው ያውቁት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በበርኩማውና በጅማቱ መካከል የምትገባው እንዚራ የተባለች ቍራጭ ቆዳ፣ ጅማቱ ሲነካ እንዲነዝር በማድረግ እነዚያን ላይኛ ድምፆች ታበዛለች፤ የበገና ዝቅተኛ ድምፅ ማጉያ ሳይኖረው ቤት ሞልቶ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ትምህርት አለበት። በገና ዐሥር አውታር ሲኖረው፣ በተለመደው አደራደር የሚመቱት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አራቱ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። መምህር ዓለሙ አጋ ከ1972 ጀምሮ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ባስተማሩ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ጣትን ማሳረፍንም መማር ነበረባቸው።

የባስ ተጫዋችም ፈተናው ይኸው ነው። አንዱን አውታር ሲመታ ያልተመቱት አብረው ይንቀጠቀጡና ድምፁን ያደፈርሱታል። ስለዚህ የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከሚመታው በታች ባሉት ወፋፍራም አውታሮች ላይ ተኝቶ ዝም ማሰኘት፣ የግራ እጁ ጣቶችም ቀጫጭኖቹን ማስታገሥ አለባቸው። አውታር በተጨመረ ቍጥር ዝም የሚሰኘውም ይጨምራል፤ አንገቱም ይሰፋል፤ ይህም ለለጋ እጅ ከባድ ነው። የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ስማቸው የሚጠራው በአውታር ብዛት ሳይሆን፣ መቼ መምታትና መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ በማወቃቸው ነው።

እንግዲህ የጎበሳዎቹ ሰዎች ቢጠይቁን፣ ስድስተኛውን አውታር ተዉትና ልዩነቱን ገንዘብ ለጥሩ ድምፅ ማጉያ አውሉት እንላቸዋለን። አምስተኛው ይጠቅማቸዋል፤ ግን የሲ አውታር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው በመሆኑ በደንብ ካልተወጠረ ይላላል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሠሪዎች ከተለመደው 86 ሳንቲ ሜትር የአውታር ርዝመት 3 ያህል ይጨምሩለታል። ገዢው ሱቅ ሲገባ አስቀድሞ ይህን አውታር ብቻውን ይምታ። ድምፁ ጠርቶ ከቈየ መልካም፤ ጕምጕምታ ብቻ ከሆነ ግን ባለ አራቱን ይዞ ይመለስ።