ባልትና ቤት ለመክፈት ስንት ብር ይበቃል?

በአዲስ አበባ ባልትና ቤት መክፈት ብዙ ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ጠባብ ሱቅ፣ ሚዛን፣ ጥቂት መደርደሪያና የላስቲክ ማሸጊያ ከተገኘ የተቀረው ሙያ ነው ይባላል። በእርግጥም ሱቁን ለመክፈት የሚወጣው ገንዘብ ያን ያህል አያስደነግጥም። ጀማሪውን የሚጥለው ከመክፈቻው በኋላ ባሉት ሁለት ወራት የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ሲሆን፣ ብዙው ሰው የሚነሳው ይህንን ሳይቆጥር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንዲት ጀማሪ ነጋዴ 600 ሺህ ብር ይዛ ተነሳች እንበል። 200 ሺህ ብሩ የራሷ ቁጠባ ነው። 400 ሺህ ብሩ 40 አባላት በየሳምንቱ 10 ሺህ ብር ከሚጥሉበት እቁብ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረሳት ነው። ለሱቁ በወር 25 ሺህ ብር ሂሳብ የሦስት ወር ቅድሚያ 75 ሺህ ብር፣ ለመደርደሪያ፣ ለሚዛንና ለማሸጊያ መሣሪያ 105 ሺህ ብር ከፈለች። ከዚያም መርካቶ ወርዳ አምስት ኩንታል ዛላ በርበሬ ኪሎውን በ400 ብር ስትገዛ 200 ሺህ ብር ወጣ። የሽሮ እህልና ቅመማ ቅመም 120 ሺህ ብር ወሰደ። በእጇ የቀረው 100 ሺህ ብር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ይጀምራል። በ400 ብር የተገዛው በርበሬ እንደተገዛ አይሸጥም። ይቀነጠሳል፣ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈጫል። ከመቶው ኪሎ 15ቱ በዚህ መንገድ ቢቀር 500 ኪሎው 425 ይሆንና የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከወፍጮና ከጉልበት ወጪ በፊት ወደ 470 ብር ይጠጋል። ክብደት እንዲያነሳ ውኃ የተረጨ በርበሬ ከሆነ ጉድለቱ ከዚህም ይብሳል፤ ሊሻግትም ይችላል። ልምድ ያላቸው ገዢዎች ዛላውን ጆሮአቸው ሥር ነቅንቀው ፍሬው ሲንሿሿ ካልሰሙ ዋጋ አይጠይቁም። ጀማሪዋ ግን በ400 ብር ላይ ትርፏን ደምራ ዋጋ ከለጠፈች፣ ሸማች እየተሻማባት ካፒታሏን ትበላለች።

ሁለተኛው የዱቤ ጉዳይ ነው። የ150 ሺህ ብር ዕቃ የሚወስድ ሱፐርማርኬት ሲገኝ ደስታው ትልቅ ነው። ክፍያው ግን ከ45 ቀን በኋላ ነው ይባላል። እስከዚያው ለሦስት ሠራተኞች በወር 18 ሺህ ብር ደመወዝ አለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪው ከኪሱ የሚጨምረው 11 በመቶ ሲታከልበት 19,980 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ከደመወዙ የሚያዋጣው 7 በመቶ ለብቻው ነው። ለወፍጮ፣ ለማሸጊያና ለትራንስፖርት 30 ሺህ ብር፣ ለእቁቡ በአራት ሳምንት 40 ሺህ ብር ይወጣል። ድምሩ 90 ሺህ ብር ገደማ ነው። 100 ሺህ ብሩ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም፤ የሱፐርማርኬቱ ቼክ ገና አልተጻፈም። ሱቁ በዕቃ ሞልቶ ሳለ በርበሬ የሚገዛበት ጥሬ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህ ሁኔታ ነው። በእጅ በእጅ የሚገዛው የሰፈር ሸማች ቁጥሩ እስኪበረክት ድረስ ለዱቤ ደንበኛ የሚሰጠው ዕቃ ከጠቅላላው አንድ አራተኛ ባይበልጥ ይመረጣል።

እቁብ ወለድ የለውምና እንደ ዕዳ የማይቆጥሩት አሉ። ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ግን ያለ ወለድ ተበድሯል፤ ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። መክፈል የሚጀምረውም ሱቁ ገበያ ባልለመደበት ሳምንት ነው። ዕጣው ወደ መሐል ሲደርስ ሥራ የሚጀምር ሰው ግማሹን መዋጮ ከፍሎ ስለጨረሰ ሸክሙ ይቀልለታል። የሌላውን ዕጣ በጉርሻ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጉርሻው ወለድ መሆኑን አይዘንጋ።

የሱቅ ኪራይ ውልም የራሱ ወጥመድ አለው። አከራዮች ግብር ለመቀነስ ሲሉ ውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ኪራይ እንዲጻፍ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። ተከራዩ ከተስማማ ልዩነቱን በሂሳብ መዝገቡ በወጪነት ማስመዝገብ አይችልም፤ በሌላ አነጋገር የአከራዩን ግብር እሱ ይከፍላል። ለቁልፍ የሚሰጥ ገንዘብም ደረሰኝ ስለማይኖረው እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ስለሆነ፣ የሱቅ ተከራይ መከላከያው ውሉ ነው። የውሉ ዘመንና የኪራይ ጭማሪው ልክ በጽሑፍ መስፈር አለባቸው።

የፈቃዱ ጉዞ የታወቀ ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ሥራ ፈቃድ፣ ሥራው ምግብ ስለሆነም ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ። ማረጋገጫው የሚጠይቀውን ወለል፣ ግድግዳና ውኃ ሳያጣሩ ሱቅ መከራየት ግን ለባዶ ቤት ኪራይ መክፈልን ያስከትላል።

ብድርን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽንም ሆነ ያልተሸጠ ዕቃ፣ በዋስትና እንዲያዝ በሩን ከፍቷል። ያም ሆኖ የባንኮች ዓይን ቤትና ተሽከርካሪ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ጣሪያው በ2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም አዲስ ጀማሪ ከወረፋው ጫፍ መቆሙ አልቀረም። የካፒታል ዕቃ ኪራይ ድርጅቶች በተለመደው አሠራር ተከራዩን ከዋጋው 20 በመቶ አስቀምጠው ማሽን ያቀርባሉ። ነገር ግን የሚሰጡት ወፍጮ እንጂ በርበሬ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ማሽን ዋጋ በብር ሲተመን ንሯል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በሰው ወፍጮ እያስፈጩ ገንዘቡን በእህሉ ላይ ማዋል የተሻለ ሂሳብ ነው።

የመክፈቻው ወርም ከገንዘቡ እኩል ይመዝናል። አዲሱ በርበሬ ከመኸር በኋላ ገበያ ሲገባ ገዝቶ በጥር ሱቁን የከፈተ ነጋዴ፣ 55 ቀን የሚቆየው ሁዳዴ ሲገባ ሽሮው ይፈለግለታል። ከፋሲካ ማግስት የከፈተው ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ሃምሳ ይቀበለዋል። ሽሮው የሰኔን ጾምና ነሐሴ ላይ የሚገባውን ፍልሰታ እየጠበቀ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ የእቁቡ ዳኛ በየሳምንቱ 10 ሺህ ብሩን ይጠይቃል።